ግልጽ ደብዳቤ ለአቪዬሽን ኃላፊው፦ እማዬ የት እንዳለች ሳተላይቱ ያውቅ ነበር

ክቡር ኃላፊ፣ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ አንዴም ከጅማ አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ ቢሮዎ በር ላይ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ተመልሻለሁ። "እንደውልልሃለን" አሉኝ፣ የደወለ የለም። አየር መንገዱን ስጠይቅ ወደናንተ ይልከኛል፣ እናንተ ደግሞ ወደሱ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ ያንብበው።

እማዬ አሜሪካ ሄዳ እህቴን አርሳ ስትመለስ የተሳፈረችበት አውሮፕላን አትላንቲክ ላይ እያለ መንገደኛ ታሞበት ሌላ አገር ዞሮ አረፈ። ይሄን ያወቅነው እሷ ራሷ የሰው ስልክ ለምና ስትደውልልን ነው፣ መድረሻ ሰዓቷ ካለፈ ከ9 ሰዓት በኋላ! አባዬ ከመስገጃው አልተነሳም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጅሬን ያለው ቤታችን መጥቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ቡና ተፈልቶ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ፣ እኔ ጅማ ተወልጄ አድጌ እንደዛ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ስንደውል የሚሉን አንድ ነገር ነው፣ "ውቅያኖስ ላይ ራዳር ስለማይደርስ መረጃ የለንም።"

ራዳር እንደማይደርስማ አውቃለሁ፣ ከባህር ዳርቻ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከራቀ በኋላ አያይም። ሳተላይቱ የመጣው ለዚህ አይደል እንዴ? አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታና ከፍታ በጂፒኤስ ያውቃል፣ ፓይለቱ ምንም ሳይነካ በሳተላይት ወደ መሬት ይልካል። በ2006 ዓ.ም. የማሌዥያው አውሮፕላን 239 ሰው ይዞ ሲጠፋ የቀረው ፍንጭ ሳተላይቱ በየሰዓቱ ገደማ "አለህ?" ሲለው "አለሁ" ያለው መልስ ብቻ ነበር፣ ቦታውን አይናገርም፣ የነዛ ሰዎች ቤተሰብ እስከዛሬ ይጠብቃል። ከዛ በኋላ ነው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ትልልቅ አውሮፕላኖች ውቅያኖስ ላይ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው ያሉበት ይታወቅ ብሎ ደንብ ያወጣው፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰራል፣ ኃላፊነቱም የአየር መንገዱ ነው። ይሄን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

በዛው ዓመት መጋቢት 1 ቀን ቢሾፍቱ አካባቢ 157 ሰው ስናጣ አውሮፕላኑ እንዴት ይወጣና ይወርድ እንደነበር ያሳየው የሳተላይት መረጃ ነው፣ ካናዳ በ3 ቀን ውስጥ ቦይንግ 737 ማክስ የተባለውን ያንኑ የአውሮፕላን ዓይነት ያገደችው እሱን አይታ ነው። ለመንግስታት በ3 ቀን የደረሰ መረጃ እንዴት ነው ለአንድ ሽማግሌ ባል በ9 ሰዓት የማይደርሰው? ኮክፒት፣ የፓይለቱን ክፍል፣ አሳዩን አላልንም። "ዞሯል፣ እዚህ አርፏል፣ ሰላም ናቸው"፣ ይሄን ብቻ ነው የፈለግነው። ይሄን መንገር ግዴታ ይሁን፣ ያልነገረም ይጠየቅ።

አባዬ ከዛን ቀን ወዲህ ደም ግፊቱ አልወረደለትም። እህቴ ደግሞ ጥር ላይ ህፃኗን ይዛ ትመጣለች፣ በዛው ውቅያኖስ ላይ ነው የምታልፈው። ከዛ በፊት የምንደውልበት ቁጥር ስጡን፣ የሚያነሳ ሰው ያለበት።