ለእህት ዓለሜ፣ ከገና በፊት

ደሴ፣ ኅዳር 26

ውድ እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኛ ደህና ነን፣ ክብሩ ይስፋ። በእኔ ደሴና በአንቺ ኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ጊዜ መጠፋፋታችን ይገርማል። ናፍቆቱ ግን አልቀነሰም። ልደውልልሽ ብዬ ተውሁት፤ የማወጋሽ ነገር ልኬትና ቀን የበዛበት ነውና ወረቀት ላይ ቢሰፍር ይሻላል፤ ምጣድ አጠገብ አስቀምጠሽ ታይዋለሽ።

ጡረታ መውጣትሽን ሰማሁ። እንኳን በሰላም ለዚህ አበቃሽ! ይኸ የቢሮ ሰዓት የማይጠራሽ የመጀመሪያው ገና ነው። መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ገናን በአንድ ሌሊት ነው የሚያሰናዳው፤ ዋዜማ ማታ ከሥራ ገብቶ፣ ሽንኩርቱን አስፈጭቶ፣ ዳቦውን ገዝቶ፣ ሳያሸልብ ቅዳሴ ይሄዳል። ገና ላይ የሚጣፍጠው ነገር ሁሉ ደግሞ ጊዜ የሚጠይቅ ነው፤ መብቀል፣ መጠንሰስ፣ መብላላት፣ ቀስ ብሎ መብሰል። አሁን ጊዜው በእጅሽ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከገባ ጀምሮ እስከ ዋዜማው ያለው ስድስት ሳምንት ሁሉ የበዓሉ አካል እንዲሆንልሽ ነው የምመኘው።

ቀድሞ መጀመር ያለበት ጠላው ነው፤ ከጠላውም ብቅሉ። ከገበያ መግዛት ይቻላል፤ ግን ቤት የበቀለው ሻጋታ እንደሌለበት ታውቂያለሽ። 2 ኪሎ ገብስ አጥበሽ አንድ ቀንና ሌሊት ዘፍዝፊው። ውሃውን አጠንፍፈሽ እርጥብ ጆንያ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት አድርገሽ አስጪው፣ በሌላ እርጥብ ጆንያ አልብሽው፣ ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ውሃ አርከፍክፊበት። ከሁለት ጣት በላይ ከወፈረ ውስጡ ይሞቅና ይሻግታል። ቡቃያው የእህሉን ርዝመት ሲያክል ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ በእህሉ ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ቡቃያው ራሱ ይበላዋል፣ ጠላውም ጉልበት ያጣል። እናንተ ጋ በሦስት በአራት ቀን ይደርሳል፤ እዚህ በዚህ ብርድ ሳምንት ሊጠጋ ይችላል። ከዚያ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል ድረስ ፀሐይ ይምታው። ለጠላው 1 ኪሎ ይበቃል፤ የቀረውን ለጥምቀት አኑሪው።

አሁን ስለ 20 ሊትር ጠላ ልንገርሽ፤ ለሁለት ለሦስት ቤት ጎረቤት ይበቃል። ጋኑን በግራዋ ቅጠል እሺው፣ አለቅልቂው፣ በወይራ ጭስ እጠኚው። ፕላስቲክ ጭሱን አይዝም፤ ሸክላ ካለሽ ሸክላውን ምረጪ። ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በ5 ሊትር ውሃ ጠንስሺ። እዚህ አራት ቀን ይቆያል፤ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ቢበዛ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ የተፈጨውን ብቅልና ከ1 ኪሎ ዱቄት በደንብ ጠቆር ብሎ የተጋገረውን ቂጣ ፈርፍረሽ ጨምሪ። አረፋው መነሳቱን ጆሮሽን ጋኑ አፍ ላይ ብታደርጊ ትሰሚዋለሽ፤ የሚፍለቀለቅ ድምፅ ካለው ሕያው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ 3 ኪሎ ዱቄት በውሃ ለውሰሽ፣ ምጣድ ላይ አምሰሽ እንኩሮ ሠርተሽ፣ ግማሽ ኪሎ የጌሾ እንጨት ጨምረሽበት፣ ድፍድፉን ወፍራም አድርገሽ አፉን በደንብ ክደኚው። እንኩሮው ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ በትኩሱ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል፣ ሰውም «ብቅሉ ነው» ብሎ ያላጠፋውን ይወቅሳል። ድፍድፉ ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ውሃ ሞልተሽ በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን አጥልይ።

ቀኑን ስትደምሪው ሁለት ሳምንት ከምናምን ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ታኅሣሥ 10 ያልተጠነሰሰ ጠላ ለገና ጉሽ ሆኖ ይቀርባል። አንቺ እስከ 14 ብትቆዪ ይደርስልሻል። እኛ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፣ እናንተ ከ1,800 ብዙም አታልፉም፤ ብርዱ እርሾውን ያንቀላፋዋል። ስለዚህ እዚህ ጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ማቆም ግድ ነው። እናንተ ጋ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀቱ ያቻኩለዋል፣ ቶሎም ይቆመጥጣል። ጋኑን ከጓዳው ጨለማና ቀዝቃዛ ጥግ አቁሚው፣ ከተጠለለ በኋላም አፉን እየደጋገምሽ አትክፈቺ፤ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባዋል፣ አየር የገባው ጠላ ደግሞ ወደ ኮምጣጤ ነው የሚሄደው። ጌሾ ጨመር ሲያደርጉ ይጠነክራል የሚሉሽን አትስሚ። ከልኩ ያለፈ ጌሾ ምሬት ነው የሚያመጣው፤ ጥንካሬው ከእህሉ ነው።

ዶሮውን በሁለት በሦስት ሳምንት ቀድመሽ ግዢ። በበዓል ሰሞን ዋጋው ይወጣል፣ ከዚያ ይብስ ደግሞ በጭነት ብዛት የተንገላታው ዶሮ ከስቶ ነው ገበያ የሚደርሰው። ሰኞ ገበያ ላይ የደሴ እናቶች የሚያደርጉትን አድርጊ፤ ከላባው በታች እጅሽን አስገብተሽ የደረቱን አጥንት ዳብሺ፣ እንደ ቢላ ስለት ከተሰማሽ ሥጋ የለውም። እግሩ ለስላሳ፣ ከእግሩ በስተኋላ ያለው ሹል ኩክኔ አጭር ከሆነ ወጣት ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ በቆሎና ስንዴ እየበተኑ ማድለብ ራሱ የጠዋት ሥራ ነው፤ ልጆቹም ይወዱታል።

ወጡ ላይ ግን ልቆይ። ዋዜማው ገሃድ ነው፤ ወጡ የሚሠራው በጾም ስለሆነ አይቀመስም። በዚህ ምክንያት ነው ብዙ ጎበዝ ሴት ገና ላይ ጨው የምትስተው። በአፍሽ ሳይሆን በልኬት መሥራት አለብሽ። ለአንድ ደህና ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ 250 ግራም ያህል በርበሬ፣ 300 ግራም ንጥር ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ማንኪያ ዝንጅብል። ጨው አንድ ተኩል ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ብቻ፤ በርበሬሽ ሲደለዝ ጨው ገብቶበታልና። ጨው ካነሰው ጠዋት ጾሙ ሲፈታ ይስተካከላል፤ ከበዛ መመለሻ የለውም።

ሽንኩርቱን በእጅ ክተፊው። ማሽን ይጨምቀዋል፣ ውሃውን ያስለቅቀዋል፣ ቁሌቱም ሳይበስል እየተቀቀለ ይቀራል። እጅሽ ከደከመ በሁለት ቀን ከፋፍይው፣ ወይም ጎረቤት ጥሪና እየተጨዋወታችሁ ክተፉ። ዘይትም ቅቤም ሳታደርጊ በደረቁ አቁላይው፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅና ቡናማ እስኪሆን ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቅባት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ሳይሟሟ ይጠበሳል፣ ወጡ ላይም እየተንሳፈፈ ይታያል። በርበሬውን እሳቱን ቀንሰሽ ጨምሪ፣ በጭልፋ ጭልፋ ፍል ውሃ እያረጠብሽ ሌላ አንድ ሰዓት አማስዪው። በርበሬ በአንድ ጊዜ በኃይለኛ እሳት ላይ ከተጣለ ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ምሬቱን ቅቤም አይሸፍነውም። ቅቤው ከዚያ በኋላ ነው።

ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ውሃው ጥርት እስኪል ታጥቦ ይገባል። እዚህ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት እንደገና ይመጣል። ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እናንተ ጋ ወደ 94። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጠንካራ የሐበሻ ዶሮ እዚህ ከእናንተ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ የበለጠ ሊፈልግ ይችላል። እሳት በመጨመር አይፈጥንም፤ የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ መረቁን ብቻ ነው የምታደርቂው። ክዳኑን ገጥመሽ በዝግታ ተዪው። እንቁላሉን 15 ደቂቃ ቀቅለሽ፣ ልጠሽ፣ በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርገሽ በመጨረሻ ጨምሪ። መከለሻውም ያኔ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎቱ ይሄዳል።

ሁለተኛ ድስት እንዳትረሺ። ወሎ ውስጥ ገና ያለ ሙስሊም ጎረቤት አይደምቅም። አንዱን ዶሮ ጎረቤትሽ ራሳቸው ባርከው ይረዱት፤ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ መክተፊያውም ለብቻ ይሁን። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ እንግዳ ሳህኑን እያየ መጠራጠር የለበትም። ለእነሱ የሚጠጣው ብርዝ ነው፤ 1 ኪሎ ማር በ5 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልይ። በዚያው ዕለት ጠዋት ተበጥብጦ በዚያው ዕለት ይጠጣ። ካደረ መፍላት ይጀምራል፤ እናንተ ጋ በሙቀቱ ምክንያት ከሰዓት በኋላም ሊጀምር ይችላልና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሪው። መፍላት የጀመረ ብርዝ ለእነሱ አይቀርብም።

ድፎው ቀላል ነው። 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ከ1 ሊትር ትንሽ የበለጠ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። እዚህ ማታ ተቦክቶ ያድራል፤ እናንተ ጋ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል፣ ካደረ ይኮመጥጥና ምጣድ ላይ ይተኛል። ኮባውን እሳት ላይ ለብ ለብ አድርገሽ አለስልሺው፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። እሳቱን መጠነኛ አድርጊው፤ ታቹ ያረረና መሐሉ ሊጥ የሆነ ድፎ የችኮላ ምልክት ነው። ስንደዶ ሰክተሽ ስታወጪው ደረቅ ከሆነ ደርሷል።

ለልጆቹ ደግሞ የገና ዱላ። ይህን ለባለቤትሽ ተዪለት፤ ጡረታ የወጣ ወንድ ከዚህ የተሻለ የታኅሣሥ ሥራ የለውም። እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ፣ ከልጁ ወገብ የማይበልጥ። ተፈጥሮው የጎበጠ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ጫፉን ፍም ላይ እያገላበጡ ማሞቅ፣ ቀስ ብሎ ማጉበጥ፣ በገመድ አስሮ ሳምንት ማቆየት ነው። ደረቅ እንጨት ይሰነጠቃል። የጨዋታውን ኳስ፣ ሩሯን፣ ለትንንሾቹ ከእንጨት አትጥረቡላቸው፤ ጨርቅ በደንብ ጠቅልሎ በቆዳ መስፋት ይበቃል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ቢባልም የተመታ ቅልጥም ያማል።

ይህ ሁሉ ቀኑን እንዳይሞላብሽ። ጠዋት ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቁ እህል መልቀም፣ ጀበናው እስኪፈላ ከጎረቤት ጋር ማውጋት፣ ከቀትር በኋላ ጋደም ማለት፤ እነዚህን ማንም አይውሰድብሽ። በቀን አንድ ሥራ ብቻ። ለቅዳሴው ሌሊት ደግሞ ወፍራም ጋቢና ካልሲ፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ወገብሽን አስቢለት።

ዘንድሮ ኮባ እዚህ ውርጭ መትቶታል። ሰፋፊ ቅጠል ካገኘሽ፣ የሙዝም ቢሆን፣ አሥር ያህል ጠቅልለሽ እስከ ታኅሣሥ 26 በሚመጣ ሰው ላኪልኝ፤ እኔ ደግሞ የተወቀጠ ጌሾና ጥቂት ብቅል በዚያው ሰው እመልስልሻለሁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቅጠሉን ራስሽ ይዘሽ ብትመጪ ነው፤ ሽንኩርቱን አብረን እንከትፋለን፣ በማግሥቱ ትመለሻለሽ። ስንት ሰዓት እንደምትነሺ ብቻ አስታውቂኝ፣ መናኸሪያ እቆይሻለሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ