አራተኛዋ አንባቢ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔም ቤተሰቤም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በእጄ የጻፍኩልሽ በየትኛው ኢሜይል እንደማገኝሽ ስላላወቅሁ ነው። ደግሞም ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ በቴሌግራም "ሰላም ነሽ?" ብሎ ብቅ ማለቱ ከበደኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ከዕድራችን አባላት አንዱ ነው፤ ቅዳሜ አዲስ አበባ ይገባል።

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ዝም ያልኩበትን ልንገርሽ። የእማማን ማረፍ የሰማሁት ከሰው አፍ አይደለም። ሥራ ቦታ የምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ስከፍት ፎቶግራፋቸው ከሻማ ጋር መጣብኝ፤ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" እየተባለ ተደርድሯል። ከትምህርት ቤት ስንመጣ አምባሻ ቆርሰው "መጀመሪያ ብሉ፣ ወሬው ይደርሳል" ይሉን የነበሩት እማማ። አጠገቤ ትከሻዬን የሚይዝ ሰው አልነበረም። የቀረኝን አራት ሰዓት ሠርቼ ወጣሁ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ምን ብዬ እጀምራለሁ አልኩ። አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ፣ ተዝካሩም አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ መዘግየቴ ራሱ ሌላ በደል ሆኖ አፌን ያዘኝ። ይቅር በይኝ እህቴ።

አሁን ያስደፈረኝን ነገር ለመናገር ስለ ሥራዬ ማውራት አለብኝ፤ ታገሺኝ። የዕድራችን ኮሚቴ ወርኃዊ መልእክት በኢሜይል እንዳዘጋጅ ከጠየቀኝ ከአንድ ዓመት በላይ ሆነው። ሚኒ ሚዲያ ሳለን አንቺ ስቴንስሉን ትጽፊያለሽ፣ እኔ ቀለሙ እስከ ክርኔ እየነካኝ የማባዣውን እጀታ አዞራለሁ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች "ይሄ አይወጣም" ብለሽ ትይዢዋለሽ። ያ ቃልሽ አሁንም ከጆሮዬ አልጠፋም።

አሁን የምሠራበት ፕሮግራም ቴምፕሌት ኤዲተር ይባላል። ባዶ ወረቀት አይሰጥሽም፤ ቴምፕሌት የሚሉትን የተሠራ ገጽ ይሰጥሻል። በጎን በኩል ብሎኮች አሉ፣ የጽሑፍ፣ የምስል፣ የቁልፍ፣ የመለያ መስመር፤ የፈለግሽውን በማውዝ ጎትተሽ ቦታው ላይ ትተይዋለሽ። የገጹ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 600 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት ጎን ለጎን ያደረግሻቸው ሁለት ዓምዶች አንዱ ከአንዱ ሥር ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ያማረልሽ ፎቶ ስልክ ላይ የሌላ ሰው ስም ሥር ሊገኝ ይችላል። ይህን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ስም ነው። የመረጥኩት ቴምፕሌት መጀመሪያው መስመር ላይ "ውድ" ካለ በኋላ የቤተሰብ ስም እንዲገባበት ሆኖ የተሠራ ነበር። መርጅ ታግ ይሉታል፤ ከስም ዝርዝሩ አንዱን ዓምድ እየወሰደ ለያንዳንዱ ሰው ይሞላል። እኔም ሳልነካው ላክሁት። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለን፤ በዚያ ዓምድ የተጻፈው የአባት ስም ነው። በማግሥቱ አንዲት እናት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ደብዳቤው የመጣው ለአባቴ ነው፤ አባቴ ካረፉ አርባ ዓመት ሆናቸው" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር እንጂ። ዓምዱ ላይ ምንም ላልተጻፈላቸው አባላት ደግሞ "ውድ" ከሚለው ቀጥሎ የደረሳቸው ባዶ ቦታና ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ለየቤቱ ደወልኩ። "ምን ተብለው እንዲጠሩ ይወዳሉ?" እያልኩ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ጠየቅሁ። ዝርዝሩ ላይ "መጠሪያ" የሚል ዓምድ ጨመርኩና ጋሼ፣ እትዬ፣ ወይዘሮ፣ አባ፣ ዶክተር እያልኩ ከየራሳቸው ስም ጋር ሞላሁት። ያላገኘሁት ሰው ካለ "ውድ የዕድራችን አባል" ብሎ እንዲተካ ተጠባባቂ ቃል ሰጠሁት። ግሡም ሌላ ጣጣ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም በአንድ ቃል ይወጣዋል፣ እኛ ግን አንተና አንቺን ሳንለይ አንድ ዓረፍተ ነገር አንዘጋም። ሁሉንም በ"እርስዎ" አደረግሁት፤ ወጣቶቹም እስካሁን አልከፋቸውም።

ፊደሉንስ ብነግርሽ። ኤዲተሩ ከሚሰጥሽ ዝርዝር ኤሪያል የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ብትመርጪ በውስጡ የኛ ፊደል የለም፤ ስለዚህ የተቀባዩ መሣሪያ ራሱ ካለው የአማርኛ ፊደል ቅርጽ አንዱን ይተካበታል። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኢብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ይሆናል። አንድ ጽሑፍ በየቤቱ ሌላ መልክ ይዞ ይገባል ማለት ነው። በ14 ፒክስል መጠን ስልከው አዛውንቶቹ መነጽራቸውን ይፈልጉ ነበር፤ 18 አደረግሁት፣ የመስመሩንም ርቀት ሰፋ አደረግሁት። ፊደላችን ተጋድሞ ሲጻፍ ደስ አይልም፤ ሰያፉን ከነጭራሹ ትቼዋለሁ። ከኮሚቴው ውስጥ "ሁሉንም ፖስተር አድርገሽ በአንድ ምስል ላኪው፣ እንዳማረ ይቀራል" ያሉ ነበሩ። እምቢ አልኩ። ምስል ካልተከፈተ ባዶ ሳጥን ነው፤ ስልክ ቁጥሩንም ነክተሽ አትደውይበትም። ደግሞ ዓይናቸው የጠፋ አንድ አባል አሉን፤ ስልካቸው ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ ያነብላቸዋል፤ ምስሉን ግን አያነብም። ለእሳቸው ብቻም ቢሆን ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ መሄድ አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ እኔው ላይ እስኪደርስ አላውቀውም ነበር። ጂሜይል የመልእክቱ ኮድ ከ102 ኪሎባይት (መቶ ሺህ ባይት ያህል) ሲያልፍ የተረፈውን ቆርጦ ይደብቀዋል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የኛ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የዓመቱን መዋጮ ዝርዝር በሙሉ ከወርድ ገልብጬ ብለጥፈው ከማይታይ ኮዱ ጋር ወፈረና፣ መጨረሻ ላይ የነበሩት ሰዎች ስም ተቆርጦ ቀረ። "የከፈልኩት አልተመዘገበም ወይ?" የሚል ስልክ ቀኑን ሙሉ መለስኩ። አሁን ዝርዝሩን ለብቻ አስቀምጬ መልእክቱ ውስጥ ማገናኛውን ብቻ አኖራለሁ።

ግርጌውም ላይ ብዙ አሰብኩበት። እዚህ አገር በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የንግድ ኢሜይል የላኪው የፖስታ አድራሻና ለማይፈልግ ሰው መውጫ መንገድ እንዲኖረው ያዝዛል። ኤዲተሩ ደግሞ ንግድ ይሁን አይሁን ሳይለይ ለሁሉም ያስገባዋል፤ ደግም ያደርጋል። ግን ምን ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ? መጀመሪያ "ለመሰረዝ እዚህ ይጫኑ" ብዬው ነበር። አንድ አባት ያንን አይተው ከዕድር ሊያስወጡን ነው ብለው ለሊቀ መንበሩ ደውለዋል። መሰረዝ ለዕድርተኛ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቀባሪ ማጣት ነው። አሁን የሚለው "ይህ ወርኃዊ መልእክት እንዳይመጣብዎ ከፈለጉ እዚህ ይጫኑ፤ የዕድር አባልነትዎን አይነካም" ነው። ረዘመ፤ አላሳጥረውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ሰኔ የሐዘን ማስታወቂያ ያለበትን መልእክት ጨርሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ራሱ እንዲሄድ ቀጠሮ ሰጥቼው ነበር። ዓርብ ማታ ሊቀ መንበሩ ስለ ሌላ ጉዳይ ደውለው በመሐል "ለእህቲቱ እሑድ ንጋት ላይ ነው የምናረዳት፤ ገና አልሰማችም" አሉኝ። የሟች እህት ደግሞ ዝርዝራችን ውስጥ አለች። ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እንዴት ኮምፒውተሩን እንደከፈትኩ አላስታውስም። ሰዓቱን ሰረዝኩ፣ መሰረዙን ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ፣ ከዚያም ወንበሩ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለሷ ብቻ አልነበረም፤ ያቺ የምሳ ሰዓት መጣችብኝ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልን ፊታችንን አይታ ገባት። ግን ወደ ኋላ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ነበር፤ ነጠላዋን የሚያስተካክልላት፣ ውኃ የሚያቀምሳት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ መረዳቱን አንድ ሰው በቃሉ ሳይነግረኝ የሐዘን ብሎኩን አልሞላውም። ርዕሱም ላይ የሟች ስም አይወጣም። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት ያን እሑድ ማታ ነው፤ ሰባት ወር ሙሉ እየጀመርኩ ስተወው ቆየሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ከመላኬ በፊት ሁልጊዜ የሙከራ ቅጂ ለሦስት አድራሻ እልካለሁ፤ ለኔ አንድሮይድ፣ ለባለቤቴ አሮጌ ዊንዶውስ፣ ለልጄ አይፎን። ሦስቱም ቅርጹን ያሳዩኛል፤ ፊደሉን የሚያርምልኝ ግን የለም። ልጄ ሀ እና ሐን አትለይም፣ እኔም እየዘነጋሁ ነው። አራተኛዋ አንባቢ አንቺ እንድትሆኚልኝ እፈልጋለሁ። አንቺ "ይሄ አይወጣም" ካልሽ አላወጣውም። አድራሻሽን ከሰው ጠይቄ ማስገባት እችል ነበር፤ ሳትፈቅጂ ግን አላስገባሽም።

ስለ እማማ መጨረሻ ቀናት መስማት እፈልጋለሁ፤ ማን አጠገባቸው ነበር፣ ምን አሉ። ጊዜ ወስደሽ ንገሪኝ፤ የማልሰማው ነገር የለም።

ደብዳቤው በደረሰሽ ማግሥት፣ እሑድ ባንቺ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካላነሳሽ ሰኞም እደውላለሁ።

እህትሽ