ኢንዛይሙ ሳይጎድል የሚታመሙ ሕፃናት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ በዘር ስለሚተላለፉ የሕፃናት በሽታዎች የሚወጡትን ጽሑፎች በጥሞና እከታተላለሁ። በህዋሳት ውስጥ ቅባት ስለሚከማችባቸው በሽታዎች ሲነገር ግን፣ በእናንተ ዘንድ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ በሚዘጋጁ አብዛኞቹ ጽሑፎች ዘንድ፣ ማብራሪያው «አንድ ኢንዛይም ጎድሎ ነው» በሚለው ላይ ያበቃል። አባባሉ ለአብዛኞቹ ሕሙማን እውነት ቢሆንም ሁሉንም አይሸፍንም፤ የቀረው ክፍል ደግሞ የታመመ ሕፃን «ጤናማ ነው» ተብሎ እንዲመለስ ሊያደርግ የሚችል በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ቅባቱ የሚከማችበት ላይሶሶም ቤልጅየማዊው ሳይንቲስት ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት፣ በህዋስ ውስጥ የሚገኝ አሲዳማ ከረጢት ነው። ያረጁ የህዋስ ክፍሎች ወደዚህ እየገቡ በኢንዛይሞች ተቆራርጠው ዳግም ጥቅም ላይ ይውላሉ። ኢንዛይሞቹ በውሃ ውስጥ የሟሙ ናቸው፤ ስፊንጎሊፒድ የሚባሉት ቅባቶች ግን ግማሽ አካላቸው በስስ ሽፋን ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀመጥ፣ በተለይም ከቅባቱ ላይ የተያያዘው የስኳር ሰንሰለት አጭር ከሆነ፣ ኢንዛይሙ መቁረጥ ያለበትን ቦታ ሊደርስበት አይችልም። ይህን ችግር የሚፈቱት ራሳቸው ምንም ነገር የማይቆርጡ ትንንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። እንዶድ ጨርቅ የያዘውን ቅባት አላቅቆ ወደ ውሃው እንደሚያወጣ ሁሉ፣ እነርሱም ሽፋኑን እያላሉ ወይም ቅባቱን ከሽፋኑ ነቅለው በመያዝ ለኢንዛይሙ ያቀርቡለታል።

የመጀመሪያውን ረዳት ፕሮቲን በ1964 እ.ኤ.አ. ያገኙት ጀርመናውያኑ መል እና ያትስኬቪትስ ናቸው። ከአሳማ ኩላሊት ያጠሩት ኢንዛይም ሰልፋታይድ የተባለውን የነርቭ ቅባት ለመሰባበር ሙቀት የማያበላሸው ሌላ ነገር እንደሚያስፈልገው አስተዋሉ። ዛሬ ሳፖሲን ቢ የምንለው ያንን ነው። ኋላ እንደታወቀው፣ ሳፖሲን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ አራቱም ፕሮሳፖሲን ከተባለ አንድ ረጅም ፕሮቲን ተቆርጠው የሚወጡ ሲሆኑ፣ የፕሮሳፖሲን ዘረ መል የሚገኘው በ10ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። እያንዳንዳቸው ወደ 80 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ያሏቸውና በሦስት የሰልፈር ድልድዮች የታሰሩ በመሆናቸው ነው ሙቀትን የሚቋቋሙት። አምስተኛው ረዳት የጂኤም2 አክቲቬተር ፕሮቲን ነው፤ ዘረ መሉ በ5ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል፤ የሚያግዘውም ጂኤም2 የተባለውን የነርቭ ቅባት የሚቆርጠውን ሄክሶሳሚኒዳዝ ኤ የተባለ ኢንዛይም ነው።

ዋናው ጉዳዬ ይህን የሚመለከት ነው። ይህ ኢንዛይም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው በሚመጣው የቴይ-ሳክስ በሽታ የተያዘ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ችግር ያድግና፣ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው የያዘውን ችሎታ ማጣት ይጀምራል፤ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፤ አንገቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ዓይኑ ሲታይ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ ይገኛል። ሐኪሙ ጠርጥሮ የሄክሶሳሚኒዳዝ ምርመራ ሲያዝ፣ ቤተ ሙከራው ኢንዛይሙን የሚፈትነው በተፈጥሯዊው ቅባት ሳይሆን፣ በውሃ በሚሟሟና ሲቆረጥ ብርሃን በሚሰጥ ሰው ሠራሽ ውህድ ነው። ይህ ውህድ በሽፋን ውስጥ ስላልተቀበረ ረዳት ፕሮቲን አያስፈልገውም። ስለዚህ ሕፃኑ የጎደለው ኢንዛይሙ ሳይሆን ረዳቱ ከሆነ ውጤቱ «ጤናማ» ሆኖ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከተለመደው መጠን በላይ ይሆናል። በዚያው ጊዜ ግን በሕፃኑ አንጎል ውስጥ ቅባቱ መከማቸቱን አላቋረጠም። ኮንሴልማን እና ዛንድሆፍ የተባሉት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም የሄክሶሳሚኒዳዝ ዓይነቶች (ኤ እና ቢ) እያሉ ሕፃናቱ የሚታመሙት ረዳቱ ስለጎደላቸው ነበር።

በሳፖሲኖችም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሳፖሲን ቢ ሲጎድል የነርቭ ልባስ የሚጎዳበት ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ የተባለው በሽታ ይከሰታል፤ ሰልፋታይድን የሚሰብረው ኢንዛይም የአሪልሰልፋታዝ ኤ ምርመራ ግን ምንም አያሳይም፤ ሰልፋታይዱ የሚገኘው ሽንት ሲመረመር ነው። የሳፖሲን ሲ ጉድለት ጣፊያ የሚያብጥበትን የጎሼን በሽታ፣ የሳፖሲን ኤ ጉድለት ደግሞ ሌላውን የነርቭ ልባስ በሽታ፣ የክራቤን በሽታ ይመስላል። ፕሮሳፖሲን ጨርሶ ከሌለ አራቱም አብረው ስለሚጎድሉ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ የአሪልሰልፋታዝ ኤ መጠናቸው በምርመራ ዝቅ ብሎ የሚታይ ፍጹም ጤናማ ሰዎች በርካታ ናቸው። በኢንዛይሙ ቁጥር ብቻ መፍረድ በሁለቱም በኩል አደጋ አለው።

እነዚህ ጉድለቶች እጅግ ብርቅ መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም እንደ መተማና ሁመራ ባሉ አካባቢዎች የጣፊያ ማበጥ ሲታይ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ካላዛር ወይም ወባ በሆነበት አገር፣ እንደ ጎሼ ያለ በሽታ ላይ ለመድረስ ራሱ ረጅም መንገድ ነው። እዚያ ከተደረሰ በኋላ፣ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮና ቤተሰብ ያለ የሌለውን ከፍሎ የመጣ አንድ «ጤናማ» የሚል ወረቀት ፍለጋውን እንዲዘጋው መፍቀድ ግን ያሳዝነኛል። ምርመራው ሲቋረጥ ቤተሰቡ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ወቀሳው በእናቲቱ ላይ ያርፋል። የተበላሸው ዘረ መል ግን ከአባትም ከእናትም እኩል የሚመጣ ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ይህን አውቀው ስለ ቀጣዩ ልጅ እንዲመክሩ ማድረግ የሚቻለው ትክክለኛው ጉድለት ሲታወቅ ብቻ ነው። የጎሼ ሕሙማን ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጣቸው የኢንዛይም ሕክምናም የሚተካው ኢንዛይሙን እንጂ ረዳቱን ስላልሆነ፣ የትኛው እንደጎደለ ማወቁ ለሐኪሙም ትርጉም አለው።

ስለዚህ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የባዮኬሚስትሪ መምህራን፣ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፣ ስለ ላይሶሶም ስናስተምር ረዳት ፕሮቲኖቹን በግርጌ ማስታወሻ እንዳናልፋቸው እለምናለሁ። ቤተ ሙከራዎችም የኢንዛይም ውጤት ሲሰጡ ምርመራው የተደረገው በሰው ሠራሽ ውህድ መሆኑንና የረዳት ፕሮቲን ጉድለትን እንደማያሳይ በአንድ መስመር ቢጽፉ፣ ወረቀቱን የሚያነበው ሐኪም የሕመሙ ምልክት ከውጤቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር የዘረ መል ምርመራ ማዘዝ እንዳለበት ያስታውሳል። የእናንተ ዓምድም በሚቀጥለው ጊዜ ስለነዚህ በሽታዎች ሲጽፍ፣ የኢንዛይም ውጤታቸው ጤናማ ሆኖ ልጃቸው ግን እየደከመ ያለባቸው ወላጆች ሐኪማቸውን ስለ ረዳት ፕሮቲኖቹ መጠየቅ እንደሚችሉ ቢጨምርበት፣ ለጥቂት ቤተሰቦች ብርቱ እርዳታ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮኬሚስትሪ መምህር
ከአዲስ አበባ