እማዬ፣ በስልክ ያልነገርኩሽ

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ክረምቱ ሊገባ ነው፣ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ጋቢ ሳትደርቢ በረንዳ ላይ እንዳትቀመጪ። ደብዳቤውን የምታነብልሽ እህቴ ስለሆነች፣ የማያስቅ ቦታ ላይ ከሳቀች ቆጣ በያት።

ለሥልጠና ቪየና ከገባሁ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። በስልክ "ሁሉም ሰላም ነው፣ አብሽሪ" እያልኩ ብዙ ነገር ደብቄሻለሁ። ድምፅሽን ስሰማ እውነቱ አልወጣ ይለኛል።

መጀመሪያ ቋንጣው። "ጣፈጠሽ?" ስትይኝ "በጣም!" አልኩሽ። አልቀመስኩትም። ሥጋና ቅቤ ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል ነው፣ ይህን የሰማሁት ደግሞ ወደ ቦሌ ልወጣ ሻንጣ ስዘጋ ነው። አክስቴ ቤት ጥዬው መጣሁ፣ ልጆቿ እስካሁን ጨርሰውታል። በሶውና ዳቦ ቆሎው ግን አወጡኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደርሼ፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ፣ እሑድ ርቦኝ ብወጣ ሱቁ ሁሉ ዝግ። ለካ እዚህ እሑድ ሱቅ አይከፈትም። ምግብ ቤቶች ክፍት እንደነበሩ ያወቅሁት በሶዬን በጥብጬ ከጠጣሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር አለ። መግቢያው ላይ በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ "ሒሳብ!" የሚል ረዳት የለው፣ ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ። እኔ ትኬት ቆርጫለሁ። ነገር ግን ትኬቱን ትንሽዬ ሳጥን ውስጥ ከትተሽ ካላስመታሽው እንዳልቆረጥሽ ነው የሚቆጠረው። ማን ነግሮኝ! በሦስተኛው ቀን ከጎኔ የቆሙ፣ እንደ እኔው ተራ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች መታወቂያ አውጥተው ትኬት አሉኝ። ኮራ ብዬ ሰጠኋቸው። ሰውየው አገላበጠው፣ ራሱን ነቀነቀ። ከመቶ ዩሮ በላይ ቅጣት! ለቪዛው ከከፈልኩት 90 ዩሮ ይበልጣል እኮ።

ደሴ ቢሆን፣ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ እስክንደርስ ታክሲው ሁሉ ያግዘኝ ነበር። አንዱ "እንግዳ ናት፣ ተዋት" ይላል፣ አንዷ እናት ትቆጣለች፣ መጨረሻ ላይ ረዳቱ ራሱ ያፍራል። እዚህ ባቡር ሙሉ ሰው ስልኩን ያያል። "ብቻሽን እንዴት ትሄጃለሽ?" ስትይኝ ሌባ ወይም በሽታ ነበር የፈራሽልኝ አይደል? እኔም እንደዚያው። ብቻዬን መሆኔ የገባኝ ግን አማላጅ ሳጣ ነው። ከፍዬ ወረድኩ። ትንሽ አለቀስኩ፣ እሱንም ልንገርሽ። ከዚያ ወዲህ ትኬቴን ሁለት ጊዜ ሳላይ አልሳፈርም።

ውሃቸውን ግን ብታዪ! መጀመሪያ የላስቲክ ውሃ ገዝቼ ብጎነጭ አምቦ ውሃ ነው፣ አፍንጫዬን አቃጠለኝ። ያረፍኩበት ቤት ሴትዮ ሳቀችብኝና የወጥ ቤቷን ቧንቧ ከፈተችልኝ። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ። ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ ተነስቶ፣ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት እየወረደ ከተማው ድረስ ይመጣል። የመጀመሪያው መስመር የተከፈተው በፈረንጅ 1873 ነው። በአፄ ዮሐንስ ዘመን ማለት ነው፣ ደሴ ገና ደሴ ሳትባል። ጦሳ ትዝ አለኝ። ተራራ ሥር ተቀምጠን ውሃ በፈረቃ፣ አንቺ ደግሞ እኩለ ሌሊት ተነስተሽ ጀሪካን ስትደረድሪ። ብርጭቆውን ይዤ ትንሽ ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

መግሪብ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ብልሽ ታምኛለሽ? አንቺ ዒሻን ሰግደሽ ስትተኚ እኔ ገና ፀሐይ እንድትጠልቅ እጠብቃለሁ። ረመዳን እንዲህ ያለ ወቅት ላይ ሲውል እንዴት እንደሚጾሙት አላህ ይወቅ። ደግሞ "ፈረንጅ ፈጣሪውን ረስቷል" ትይ የለ? ሱቅ ስገባ ባለሱቁ "ግሩስ ጎት" ይለኛል። ፈጣሪ ሰላም ይበልሽ እንደ ማለት ነው። ይህን ስሰማ አንቺን አስቤ ሳቅሁ።

ትናንት ብቻዬን ቡና ቤት ገባሁ። ደሴ ላይ ብቻዬን ብቀመጥ ስንት ዓይን ይቆጥረኝ ነበር! እዚህ አስተናጋጁ ቀና ብሎም አላየኝ። ቡናውን በትንሽ ብረት ትሪ አመጣልኝ፣ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ማንኪያዋ በብርጭቆው አፍ ላይ ተጋድማ። አንድ ስኒ ይዘሽ ግማሽ ቀን ብትቀመጪ የሚያስነሳሽ የለም። ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ ማንም አላናገረኝም፣ ደስ አለኝ። አትቀየሚኝ፣ እውነቴን ነው። ቶና ግን የለም። ዋጋውንም አልነግርሽም።

ሥልጠናው ረቡዕ ያልቃል፣ ዓርብ ኮምቦልቻ እገባለሁ። ኤርፖርት ማንንም እንዳትልኪ። ስሄድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ነው የሸኘኝ፣ አሁን ግን የሐረጎን ዳገት እስከ ደሴ ራሴ እወጣዋለሁ፣ "ሒሳብ!" የሚለኝ ረዳትም ናፍቆኛል። አቦሉን ጠጡት፣ ለቶናው እደርሳለሁ።