ህጉ አለ፣ ካሳውስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አሜሪካ የመንግስት ስራና ስለ እድሜ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን ሰራተኛን በእድሜው ማግለልን የሚከለክል ህግ ስላለ ሰራተኛው ተገላገለ የሚል መንፈስ አለው። እስቲ ቀስ እንበል። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ ህግ 40 ዓመትና ከዛ በላይ የሆነውን ሰራተኛ ይጠብቃል፣ መጀመሪያ ላይ ግን የግል ቀጣሪዎችን ነበር የሚመለከተው፣ መንግስት ራሱ የተካተተው በ1974 ነው (ሌላውን ለማዘዝ ማን ይቀድመዋል!)። በ2000 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስቴት ሰራተኛ በዚህ ህግ ስቴቱን ከሶ ካሳ ማግኘት አይችልም ብሎ ወሰነ፣ ስለዚህ ሰውየው ወይ የስራ እድል እኩልነትን የሚከታተለው የፌደራል ኮሚሽን እንዲከስለት መጠበቅ ነው ወይ የራሱ ስቴት ህግ ካለ እሱን መሞከር ነው።

ደስ ያለኝ የ2018ቱ ነው። አሪዞና ውስጥ አንድ ትንሽ የአካባቢ (የስቴቱ ያልሆነ) የእሳት አደጋ መስሪያ ቤት በጀት አጠረኝ ብሎ በእድሜ ትልልቆቹን ሁለት ካፒቴኖች፣ የ46 እና የ54 ዓመት ሰዎች፣ አሰናበተ፣ ከዛ ሰራተኞቼ ከ20 በታች ስለሆኑ ህጉ አይመለከተኝም ብሎ ተከራከረ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በሙሉ ድምጽ የመንግስት መስሪያ ቤት ትንሽም ሆነ ትልቅ ይመለከተዋል አሉት።

ለፌደራል ሰራተኛ በ2020 የተሻለ ነገር መጣ፣ ስለ ሰራተኛው በሚወሰን ውሳኔ ውስጥ እድሜ ጭራሽ መግባት የለበትም አለ ፍርድ ቤቱ፣ ግን ወደ ስራ ለመመለስና ውዝፍ ደሞዝ ለማግኘት እድሜው ባይኖር ኖሮ ውሳኔው ሌላ እንደነበር ማሳየት አለበት። ኢንተርቪው ላይ "ኢነርጂ ያለው ሰው ነው የምንፈልገው" ተብሎ የተሸኘ ሰው ይሄን በምን ያስረዳ? በሚቀጥለው ስትጽፉ እዚህ ላይ ብታተኩሩ።

አንባቢያችሁ