አባዬ፣ ቀጭኗን መቅረጫ ላክልኝ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ ጨካኝ ነውና ጋቢህን እንዳትለይ።

ባለፈው በስልክ «አሁን ደግሞ ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ መስመሩ ተቋረጠ። ስኑከር የሚባለው የቢሊያርድ ዓይነት ጨዋታ ዱላ ላይ ያለች ባጅ እየጠገንኩ ነው። እንዳትስቅ። ዱላው በወፍራሙ ጫፍ በኩል በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይላጋል። እዚያ ላይ የሠሪው ስም ያለባት ትንሽ ሰሌዳ ትለጠፋለች። ያንተ የቀለበት ጽሑፍ ዘመድ በላት።

ይቺኛዋን ያመጣት አንድ የአራት ኪሎ ሰው ነው፤ ዱላው የአባቱ ነበር። ባጇ ላይ ዋልተር ሊንድረም የሚል ስምና 4137 የሚል ቁጥር አለ። ሊንድረም አውስትራሊያዊ የቢሊያርድ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ለንደን ላይ በአንድ ተራ ብቻ 4137 ነጥብ ሰበሰበ። ተጋጣሚው ጆ ዴቪስ ቁጭ ብሎ ከማየት ሌላ ምን ያደርጋል? ከዚያ ቁጥሩ በስሙ በሚሸጡ ዱላዎች ላይ ገባ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ከዚህ በፊት የመጣልኝን አንድ ባጅ የዝሆን ጥርስ መስሎኝ በአሴቶን ጠረግሁት። ለካ ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ኖሯል፤ አሴቶን ያሟሟዋል። ላዩ እንደ ማስቲካ ጨርቁ ላይ ተጣበቀ፣ ፊደሎቹም አብረው ሄዱ። ባለቤቱ አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ይቺን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የወለወልኳት። ብርጭቆ ወረቀት አላስነካኋትም፤ ቅርጹ ስስ ነው፣ ትንሽ ከፋቁት ይጠፋል። በውኃ የሚቀጥን ጥቁር ቀለም ፊደሎቹ ውስጥ ሞላሁ። ሳይደርቅ ላዩን በካርቶን ጠርዝ ጠረግሁት። አራቱም ሰባቱም ቁልጭ ብለው ወጡ። ሦስቷ ግን ሆዷ ተበልቷል፣ ቀለም አልያዘችም።

ቀጥ ያለ መስመር አያስቸግረኝም። ክቡ ነው ያቃተኝ። አንተ ስትቀርጽ መቅረጫውን ነበር የምታዞረው ወይስ ቀለበቱን? ፒያሳ ወርቅ ቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ አላየሁም፤ ዓይኔ ውጪ ጆተኒው ላይ ነበር።

ያቺን እጀታዋ በክር የተጠቀለለችውን ቀጭን መቅረጫ፣ እህቴ ስትመጣ ስጣት። እንዳትስላት፣ እዚህ እስላታለሁ።

አይ፣ አንተው ሳላት።

ልጅህ