ጦርነትን የሚቃወም ክርስቲያንና የዜግነት መሐላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክርስቲያን መሣሪያ ያንሳ ወይስ አያንሳ የሚለው ሙግት በስደት ባሉ አብያተ ክርስቲያናታችን ብዙ ጊዜ በጥቅስ ብቻ ያልቃል። አንዱ «ክፉን አትቃወሙ» የሚለውን ማቴዎስ 5፥39ን፣ ሌላው ባለሥልጣን ሰይፍ እንደታጠቀ የሚናገረውን ሮሜ 13ን ይጠቅሳል። የአሜሪካ ዜግነት ለሚያመለክት ሰው ግን ጉዳዩ ወረቀት ላይ ይወርዳል፤ የተሳሳተ ምክርም ያስቸግረዋል።

ኤን-400 የተባለው የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሕግ ካስገደደ መሣሪያ ለማንሳት፣ በጦር ኃይሉ ውስጥ ከውጊያ ውጭ ለማገልገል፣ በሲቪል አመራር ሥር ለአገር የሚጠቅም ሥራ ለመሥራት ፈቃደኛ ነዎት? ሁለቱን በእምነቱ ምክንያት የማይቀበል ሰው እነዚያ ቃላት ከዜግነት መሐላው ወጥተውለት መማል ይችላል። ሦስተኛው ግን አይወጣም። አረጋውያን «በዚህ ዕድሜዬ ምን ጠመንጃ!» ብለው «አይደለሁም» ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የሚጠየቀው ግን ፈቃድ እንጂ አቅም አይደለም፤ ዕድሜም መሐላውን አያስለውጥም።

ሕጉ የሚቀበለው ማንኛውንም ጦርነት የሚቃወመውን ነው፤ «ይህንን ጦርነት አልደግፍም» ማለት አይበቃም። የአብያተ ክርስቲያናት ልዩነት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጦርነትን የማይቀበለው የሜኖናይት ወገን ናት፤ የዚያ ወገን አባቶች በ1527 በስዊዘርላንድ፣ በሽላይትሃይም፣ ሰይፍ ለክርስቶስ ተከታይ እንደማይሆን ደንግገዋል። የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት የያዙት የ1530 የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ ደግሞ በአንቀጽ 16 ክርስቲያን በፍትሐዊ ጦርነት መዝመት እንደሚችል ይናገራል። ቅዱስ ባስልዮስም በጦርነት የገደለውን ከነፍሰ ገዳይ ለይቶታል፤ ሆኖም እጁ ንጹሕ ስላልሆነ 3 ዓመት ከቁርባን ቢታቀብ መልካም ነው ብሏል። ይህን ምክር ዛሬ ከመድረክ የሚያነሳው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነናል።

ስለዚህ «ፍትሐዊ ከሆነ እዘምታለሁ፣ ካልሆነ እምቢ» የሚለው ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያስተማረችውን በታማኝነት ቢናገርም ሕጉ አይሸፍነውም። የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህርና የባፕቲስት አገልጋይ የነበረው ማኪንቶሽ በ1931 ይህንኑ ብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዜግነት ተከለከለ። በ1946 ጂሩዋርድ የተባለ አድቬንቲስት ከውጊያ ውጭ አገለግላለሁ ብሎ ተፈቀደለት። በ1971 ግን የቬትናምን ጦርነት ብቻ የተቃወመ ካቶሊካዊ ወታደር፣ ኔግሬ፣ ከሠራዊቱ ለመሰናበት ጠይቆ በዚያው ፍርድ ቤት ተረታ። ሕጉ እንደ ማኪንቶሽና ኔግሬ ላሉ ሰዎች ሕሊና ቦታ ሊኖረው ይገባ ነበር ብለን እናምናለን። እስከዚያው ግን ያላመኑትን «ጦርነት ሁሉ» ብሎ መማል በሐሰት መማል ነው።

የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ግዴታ አይደለም፤ የማንኛዋም ቤተ ክርስቲያን አባል መሆንም አይጠየቅም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልያዝኩ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አመልካቹ በራሱ አንደበት ወይም ጽሑፍ እምነቱ ከምን እንደመጣና ኑሮውን እንዴት እንደሚመራ ያስረዳ። ደብዳቤ የሚጽፉ አገልጋዮች ግን ይጠንቀቁ። አገር ቤት ለሚዋጋ ወገን ገንዘብ ሲሰበሰብበት የከረመ መድረክ «ሃይማኖታችን ጦርነትን ሁሉ ይከለክላል» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት ነው፤ ከልቡ የሚቃወመውንም ምእመን ተአማኒነት ያሳጣዋል። ደብዳቤው አመልካቹን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ ስለ ጦርነት ሲናገር ምን እንደሰሙትና በምን ሥራው እንዳዩት ብቻ ይግለጽ። ቤተ ክርስቲያኒቱ መዝመትን የምትፈቅድ ከሆነም ይህንኑ ጽፎ፣ አቋሙ የግለሰቡ የራሱ ሕሊና መሆኑን ይጥቀስ።

ለዜግነት አመልካቾች ቅጽ በመሙላት የምናግዝ፣ ከሜሪላንድ